አክሰስ ወይስ ሊብሬኦፊስ ቤዝ? በዳታቤዝ ፕሮግራሚንግ ለሚጀምሩ

የእድር መዋጮ ኤክሴል ላይ የሚመዘግብ ጸሐፊ አባላቱ ሲበዙ ሥራው ይከብደዋል። ማን ከፈለ፣ ማን ቀረ፣ ቅጣቱ ስንት ደረሰ የሚለውን በየወሩ በእጁ ያጣራል። ዳታቤዝ ላይ ግን አንዴ ፕሮግራም ካደረገው፣ አንድ በተን ተጭኖ ያልከፈሉትን ለይቶ ያትማል። ይህን መማር ለምትፈልጉ ሁለት የዳታቤዝ መሥሪያ ፕሮግራሞችን፣ የማይክሮሶፍት አክሰስንና ሊብሬኦፊስ ቤዝን፣ ላነጻጽርላችሁ።

ምርጫዬን ከወዲሁ ልናገር፦ ዊንዶውስ ካላችሁና መክፈል ከቻላችሁ በአክሰስ ጀምሩ።

አክሰስ ጀማሪን ደረጃ በደረጃ ይወስዳል። መጀመሪያ ኮድ ሳትጽፉ፣ ከዝርዝር እየመረጣችሁ ማክሮ (ኮምፒውተሩ በተራ የሚፈጽማቸው ትእዛዞች) ትሠራላችሁ፦ ፎርሙን ክፈት፣ ሪፖርቱን አትም። «አውቶኤክሴክ» ብላችሁ የሰየማችሁት ማክሮ ዳታቤዙ ሲከፈት ራሱ ይነሳል። ቀጥሎ ያለውን በጣም እወደዋለሁ፦ ማክሮውን ወደ ቪቢኤ (የማይክሮሶፍት ኦፊስ የፕሮግራሚንግ ቋንቋ) ኮድ የሚቀይር በተን አለ። እናንተ ራሳችሁ የሠራችሁት ነገር በኮድ ሲጻፍ ምን እንደሚመስል ቁጭ ብላችሁ ታነባላችሁ። ኮዱ ሲበላሽ ደግሞ ኤፍ8ን እየተጫናችሁ መስመር በመስመር ትከታተሉታላችሁ። ቪቢኤ ኤክሴል ላይም ስለሚሠራ እውቀቱ በከንቱ አይቀርም።

ቤዝ ላይ ይህ መንገድ የለም። ማክሮ መቅጃው (የምትሠሩትን ተከትሎ ኮዱን የሚጽፈው) ለጽሑፍ ማዘጋጃው ራይተርና ለሠንጠረዥ ማዘጋጃው ካልክ እንጂ ለቤዝ አይሠራም። ስለዚህ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በቤዚክ ወይም በፓይተን ቋንቋ ኮድ መጻፍ ግድ ነው። ፓይተን ለሚያውቅ ሰው ግን ይህ እንዲያውም ደስ ይላል።

አማርኛ ላይ ሲደርስ ነገሩ ይገለበጣል። የአክሰስ ቴብል፣ ፎርምና ሪፖርት ፊደላችንን በደንብ ይቀበላሉ። የቪቢኤ ኮድ መጻፊያው ግን ዩኒኮድ (የልዩ ልዩ ቋንቋ ፊደላትን የሚይዘውን የኮምፒውተር አጻጻፍ) አይቀበልም። «አልከፈሉም» ብላችሁ ብትጽፉ የጥያቄ ምልክት ይደረደራል። መፍትሔው የአማርኛ መልእክቶቹን ቴብል ውስጥ አስቀምጦ፣ ኮዱ በዲሉክአፕ (ከቴብል ፈልጎ በሚያመጣው የአክሰስ ፈንክሽን) እያነበበ ፎርም ላይ እንዲያሳያቸው ማድረግ ነው። ቤዝ ላይ ይህ ጣጣ የለም፤ አማርኛውን ኮዱ ውስጥ ቀጥታ ትጽፋላችሁ። የዘመን አቆጣጠርም አለ። ቪቢኤ የሚያውቀው ግሪጎሪያንንና ሂጅራን ብቻ ስለሆነ፣ የእኛን ቀን የሚያሰላ ፈንክሽን ራሳችሁ ትጽፋላችሁ። ጥሩ መለማመጃ ይሆናችኋል።

ወደ ዋጋው ስንመጣ ቤዝ ነፃ ነው፤ በዊንዶውስ፣ በማክና በሊኑክስ ይሠራል። አብሮት የሚመጣው የዳታ ማስቀመጫ ሞተር፣ ኤችኤስኪውኤልዲቢ፣ ጃቫ የሚባል ሶፍትዌር ስለሚፈልግ እሱንም ጫኑ። አክሰስ የሚሠራው በዊንዶውስ ብቻ ነው፤ አንድ ፋይልም ከ2 ጊጋባይት ማለፍ አይችልም። ስትገዙ ተጠንቀቁ፦ አንዴ ተከፍሎበት የሚገዛው የቤት ኦፊስ አክሰስን አይጨምርም። ቢሮ ውስጥ ብዙ ተጠቃሚ ካለ ግን ለሁሉም መግዛት አያስፈልግም። ሠሪው ሙሉውን አክሰስ ይግዛ፤ ሌሎቹ የተሠራውን ለመጠቀም ነፃው አክሰስ ራንታይም ይበቃቸዋል።