ለገና «ማር የተቀባ የበግ ታፋ» ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ይህን አንብቡ

ደሴና ኮምቦልቻ ያላችሁ ወገኖቼ፣ ገና እየደረሰ ነው። ያ ማስታወቂያም ቴሌግራም ላይ እንደገና መዞር ጀምሯል። «በማርና በሎሚ የተቀባ ሙሉ የበግ ታፋ፤ አሙቀው ብቻ ያቅርቡ» ይላል። ግማሹ ቀብድ አሁን በቴሌብር ይከፈላል፤ ቀሪው ዕቃው ሲመጣ ነው። ፎቶው ምራቅ ያስውጣል። እባካችሁ ብራችሁን ለጊዜው ያዙ። ለእንቁጣጣሽ እኛ ቤት የገባው ምን እንደነበር ልንገራችሁና ከዚያ በኋላ ራሳችሁ ፍረዱ።

ከፎቶው ልጀምር። ፎቶው ላይ ያለው በግ አይደለም። የአሳማ ታፋ ነው፤ ፈረንጆች ሃም የሚሉት። አሜሪካኖች ለገናና ለፋሲካ ማር ወይም ቡናማ ስኳር ቀብተው ያቀርቡታል። ለመለየት ባለሙያ መሆን አያስፈልግም፤ ፎቶውን አጉልታችሁ እዩት። ላዩ ላይ ወፍራም ነጭ ጮማ አለ። ጮማው በቢላ በሰያፍ ተሰንጥቆ አራት ማዕዘን አራት ማዕዘን ወጥቶለታል፤ በየመሀሉ ቅርንፉድ ተሰክቷል። የተቆረጠው ጎን ደግሞ ሮዝ ነው። የእኛ አገር በግ ስቡን የሚያጠራቅመው ላቱ ላይ ነው። ታፋው ላይ እንዲህ ያለ ጮማ የት ይገኛል? ሮዝ ቀለሙም የሚመጣው ሃሙ ከሚታሽበት ጨው ነው፤ ጨው ውስጥ ናይትራይት የሚባል ሥጋ እንዳይበላሽ የሚያደርግ ኬሚካል አለ። የበግ ሥጋ በደንብ ሲበስል ወደ ቡናማ ይሄዳል፤ እንደዚያ ሮዝ ሆኖ አይቀርም።

አሳማ አበሉን እያልኩ አይደለም። የመጣልን የበግ ሥጋ ነው፤ አጥንቱም ሽታውም ይመሰክራል። ግን ኦርቶዶክሱም ሙስሊሙም አሳማ በማይበላበት ከተማ የአሳማ ፎቶ ለጥፎ በግ ነው ብሎ መሸጥ ዓይን ያወጣ ነገር ነው። የራሱን ሥራ ፎቶ ያላነሳ ሻጭ አንድም ታፋ ጠብሶ አያውቅም ማለት ነው፤ እኔ እንዲያ ነው የምረዳው።

ጣጣው ደግሞ በፎቶው አያበቃም። «አሙቀው ብቻ ያቅርቡ» የሚለው ቃልም ከሃሙ ጋር አብሮ የተገለበጠ ነው። እዚያ አገር ገበያ ላይ የሚገኘው አብዛኛው ሃም በጨው ተይዞ፣ ጢስ ጠጥቶ፣ በስሎ ያለቀ ነው። ስለዚህ ባለቤቱ ምድጃ ውስጥ ያሞቀዋል፣ መጨረሻ ላይ ማሩን ይቀባዋል፣ ያቀርበዋል። ለእኛ የመጣው ግን ጥሬ ታፋ ነው። ጥሬ ሥጋ ላይ ከመጀመሪያው ማርና ስኳር ቀብታችሁ እሳት ውስጥ ስታስገቡት ምን እንደሚሆን አስቡት። ስኳር 160 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲደርስ መቅለጥና መጥቆር ይጀምራል። የማር ስኳር ደግሞ ከዚያም ቀድሞ ይጠቁራል። አጥንት ያለው ታፋ መሀሉ ድረስ እስኪበስል ግን ሁለት ሰዓት ገደማ ይፈልጋል። ላዩ ከሰል ሆኖ መሀሉ ደም ይሆናል።

እኛም ቤት የሆነው ይኸው ነው። በማስታወቂያው እንደተባለው አንድ ሰዓት ምድጃ ውስጥ ቆየ። ቅቡ ጠቁሮ ተሰነጣጠቀ፤ የተቃጠለ ስኳር ሽታ ቤቱን ሞላው። ቢላ ሲገባበት አጥንቱ አጠገብ ቀይ ውሃ ፈሰሰ። እንግዶች ተቀምጠዋል፣ ቡናው ተፈልቷል፣ ታፋው ጥሬ ነው። ቆራርጠን ጥብስ አደረግነው። ማሩ ድስቱ ላይ ተጣብቆ እሱም አረረ።

ወደ ሚዛኑ ልምጣ። የተጻፈልን 3 ኪሎ ነው። ፕላስቲኩ ሲከፈት ሥጋው ቡናማ ፈሳሽ ውስጥ ተዘፍዝፏል። ፈሳሹ ተደፍቶ፣ ከስር የተነጠፈው ወረቀትና የፎይል ትሪው ወጥቶ ሥጋው ብቻ ሲመዘን 2 ኪሎ ከ200 ግራም ሆነ። ስምንት መቶ ግራም ስኳር ውሃና ፎይል በሥጋ ዋጋ ከፍለናል ማለት ነው። በነገራችን ላይ የአካባቢያችን በግ ትልቅ አይደለም። አንድ የኋላ ታፋ ሁለት ኪሎ አካባቢ ቢሆን ደንበኛ ነው። «ሙሉ ታፋ 3 ኪሎ፣ 4 ኪሎ» የሚል ስታዩ በምን ተሞልቶ እንደሆነ ጠይቁ።

«ማር» የተባለውም ማር አልነበረም። ቀጭን ነው፣ ይጣፍጣል፣ ሌላ ምንም የለውም። የአበባ ሽታ የለው፣ ጉሮሮ አይዝ። ዓለም አቀፉ የምግብ ደረጃ ኮዴክስ ተራ ማር ከ20 በመቶ በላይ ውሃ፣ ከ5 በመቶ በላይ ደግሞ ሱክሮስ ማለትም ተራ ስኳር እንዳይኖረው ይላል። ይኼኛው ጣቴ ላይ ሳደርገው እንደ ሻይ ወረደ። ሎሚውም ሎሚ አይመስልም፤ ምላስ የሚቆነጥጥ የዱቄት ኮምጣጣ ነው። ክብሪት በመለኮስ ወይም ውሃ ውስጥ ጠብ በማድረግ ማር ይፈተናል የሚሉትን አትመኑ፤ በዚያ አይለይም። መርጋቱም ስኳር ተቀላቅሎበታል ማለት አይደለም፣ ንጹሕ ማርም ይረጋል። ከሰፈፉ ያልወጣ ማር ከምታውቁት ሰው መግዛት ይሻላል።

ከሁሉ በላይ ያንገበገበኝ ግን ሌላ ነው። ወሎ ውስጥ ድግስ ሲኖር የመጀመሪያው ጥያቄ ሥጋው በማን ታረደ የሚለው ነው። በአንድ ቤተሰብ ውስጥ እንኳ ክርስቲያንም ሙስሊምም አለ። ጎረቤት የሚጠራ ሰው ለሙስሊም እንግዶቹ በሙስሊም እጅ የታረደ ለይቶ ያዘጋጃል፤ ድስቱ ሳይቀር ይለያል። ሙስሊሙም ክርስቲያን ሲጋብዝ እንዲሁ ነው። ይህን ልጅ አዋቂው ያውቀዋል። በዚያ ፕላስቲክ ላይ ግን ስለ እርዱ አንድ ቃል የለም። ሻጩ ጋ ተደወለ። «ከሥጋ ቤት ነው የገዛነው» አለ። ከየትኛው? የክርስቲያን ነው የሙስሊም? «እሱን አጣርቼ እደውላለሁ» ብሎ ዘጋ፤ ዘግቶ ቀረ። አጠገባችን የሚኖሩት እማማ ተጠርተው መጥተው ዳቦና ቡና ብቻ ቀምሰው ሄዱ። ያሳፍራል። እርዱን ሳይናገር ለደሴ ሰው የበዓል ሥጋ የሚሸጥ ሰው ለገበታችን ደንታ የለውም።

የቄራ ማህተምም ሥጋው ላይ የለም። የተዘጋጀው ኮምቦልቻ ነው ተብሏል። ከዚያ በሚኒባስ ዕቃ መጫኛ ተጭኖ የሐረጎን ዳገት ወጥቶ ነው ደሴ የመጣው። በረዶ የለው፣ ማቀዝቀዣ የለው። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆንም መነኻሪያ ቆሞ ሰው እስኪሞላ የሚያልፈውን ጊዜ ጨምሩበት። ጥሬ ሥጋ ላይ ባክቴሪያ በፍጥነት የሚራባው በ5 እና በ60 ዲግሪ መካከል ነው። ከሁለት ሰዓት በላይ እዚያ ውስጥ እንዳይቆይ ይመከራል። ደሴ ብርድ ነው ብላችሁ አትዘናጉ፤ ኮምቦልቻ ከደሴ ዝቅ ያለ ነው፣ ቀን ላይ ይሞቃል። ማርና ሎሚ መቀባቱም ሽታውን ይሸፍነዋል፤ ሥጋው መበላሸት ቢጀምር እንኳ በአፍንጫ ለመያዝ ያስቸግራል።

ገንዘባችንን መልሱ ስንል የተሰጠን መልስ «ከተከፈተ አይመለስም» ነው። ፕላስቲኩ ሳይከፈት እንዴት ይታያል? ደረሰኝ ስንጠይቅ «በቴሌብር ስለከፈላችሁ እሱ ራሱ ደረሰኝ ነው» አሉን። አይደለም። የቴሌብር መልእክት ብር መላኩን እንጂ ምን እንደተሸጠ አይናገርም። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ነጋዴው ለሸጠው ዕቃ ደረሰኝ እንዲሰጥ ያስገድደዋል። ስለ ዕቃው ጥራትና ዓይነት ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብትም ለሸማቹ ሰጥቷል። ጉድለት ያለበት ዕቃ ሲሆን በ15 ቀን ውስጥ እንዲቀየርለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ ይችላል። «ከተከፈተ አይመለስም» የሚል ጽሑፍ ይህን መብት አያጠፋውም።

አሁን ምን እናድርግ ለምትሉ። ታፋ በማርና በሎሚ መጥፎ ምግብ አይደለም፣ እንዲያውም ግሩም ነው። የሚያዋጣው ግን እቤት መሥራት ነው። ታፋውን ከምታውቁት ሥጋ ቤት ዓይናችሁ እያየ አስመዝኑ። ማሩ የሚያስፈልገው ጥቂት ነው፤ አንድ ታፋ ከአራት የሾርባ ማንኪያ በላይ አይፈጅም። በሁለት ሎሚ ጭማቂ፣ በሁለት ማንኪያ ሰናፍጭና በአንድ ማንኪያ አቼቶ ለውሱት። ዝንጅብልና የተወቀጠ ቅርንፉድ ቁንጥር አድርጉበት። ይኼው ነው ቅቡ።

ትልቁ ነገር ቅደም ተከተሉ ነው። ታፋውን ማታ ጨው፣ ነጭ ሽንኩርትና ሮዝሜሪ አሽታችሁ አሳድሩት። በነጋታው ትንሽ ውሃ ጨምራችሁ፣ ከድናችሁ፣ በቀስታ አብስሉት። የእኛ በግ ጅማታም ስለሆነ ደረቅ እሳት ብቻ አይበቃውም። ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው፤ ስለዚህ ከኢንተርኔት የምታገኙት ሰዓት አይበቃም፣ ግማሽ ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ ጨምሩበት። ቴርሞሜትር ካላችሁ አጥንት ሳይነካ መሀሉ ላይ ሰክታችሁ 71 ዲግሪ ማለፉን እዩ። ከሌላችሁ ሹካ ስትሰኩበት ያለ ትግል ይግባ፣ የሚወጣው ውሃም ቀይ አይሁን። ያን ጊዜ ክዳኑን አንስታችሁ ቅቡን ቀቡት። ሃያ ደቂቃ ይበቃዋል፤ መሀል ላይ አንዴ ደግማችሁ ቀቡት። ከአጠገቡ ግን አትራቁ፣ የመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች ላይ ቶሎ ይጠቁራል። ምድጃ የሌለው ሰው ድፎ እንደሚደፋው ከላይና ከታች ፍም አድርጎ ይሠራዋል፤ ከላይ ያለው ፍም ግን ሳሳ ይበል።

ሥራ በዝቶባችሁ የግድ መግዛት ካለባችሁ ሻጩን በጽሑፍ ጠይቁት፤ በስልክ የተባለ ነገር ነገ ይካዳል። ሥጋው ጥሬ ነው ወይስ የበሰለ? ማን አረደው? ያለ ፈሳሹና ያለ ትሪው ስንት ኪሎ ነው? መቼ ታርዶ በምን ተጓጓዘ? የራሱ ሥራ ፎቶም ይላክላችሁ። ሲደርስ አስመዝናችሁ፣ ከፍታችሁ አይታችሁ ነው ቀሪውን መክፈል። አድራሻ የሌለው፣ ደረሰኝ የማይሰጥ ሻጭ ግን ዋጋው የፈለገውን ያህል ቢረክስ ይቅርባችሁ።

ቀብድ ቀድማችሁ የከፈላችሁ ካላችሁ ዛሬውኑ የማስታወቂያውን ስክሪንሾት አንሱ፤ በኋላ ያጠፉታል። የቴሌብር መልእክቱን አትሰርዙ። ቀብዳችሁ እንዲመለስ በጽሑፍ ጠይቁ። ሻጩ ጆሮ ዳባ ልበስ ካለ ሁለቱንም ይዛችሁ የከተማው ንግድ ጽሕፈት ቤት ሂዱና አቤቱታ አስገቡ፤ ኮምቦልቻ ያላችሁም እዚያው በከተማችሁ። ብቻችሁን ከምትሄዱ ሌሎች የተጎዱ ሰዎችን ፈልጋችሁ አብራችሁ ሂዱ። ከበዓሉ በፊት ሂዱ፤ ከበዓል በኋላ ስልካቸው አይነሳም።