ተቆጣጣሪው ወይስ ቲካስ?
ከመስቀል አደባባይ ቀና ብሎ ወደ ቦሌ የሚወርዱትን አውሮፕላኖች የሚያይ ሰው፣ በአየር ላይ እንዳይጋጩ የሚጠብቃቸው የምድሩ ተቆጣጣሪ ነው ወይስ በውስጣቸው የተገጠመው ቲካስ የተባለ መሣሪያ ብሎ ቢጠይቅ ተገቢ ነው።

ተቆጣጣሪው በራዳርና በሬዲዮ እየተከታተለ፣ አብዛኛውን ጊዜ የ1,000 ጫማ የከፍታ ልዩነት ወይም በቂ የጎን ርቀት አስቀድሞ ያስጠብቃል። የአካባቢውን በረራ ሁሉ ማየቱ ብርታቱ ነው፤ ድካም ግን ሊያሳስተው ይችላል።

ቲካስ የሌላውን አውሮፕላን ትራንስፖንደር (ለሬዲዮ ጥያቄ በራሱ መልስ የሚሰጥ መሣሪያ) እየጠየቀ ርቀቱንና ከፍታውን ያሰላል፤ ግጭት ሊደርስ ከ15 እስከ 35 ሰከንድ ሲቀር «ውጣ» ወይም «ውረድ» ይላል። ወደ ግራም ወደ ቀኝም አያዝዝም፤ ለመሬት እጅግ ሲቀርብም ትእዛዝ መስጠቱን ያቆማል።

ሁለቱ ሲቃረኑስ? እ.ኤ.አ. ሐምሌ 1 ቀን 2002 በጀርመኗ ዩበርሊንገን አቅራቢያ፣ ቲካስ «ውጣ» ያለው የሩሲያ ቱፖሌቭ አውሮፕላን ተቆጣጣሪውን ሰምቶ ሲወርድ፣ በመሣሪያው ትእዛዝ ይወርድ ከነበረ ቦይንግ 757 ጋር ተጋጭቶ 71 ሰዎች አለቁ። የዛሬው ዓለም አቀፍ ደንብ አያሻማም፤ በእነዚያ የመጨረሻ ሰከንዶች አብራሪው መሣሪያውን ይታዘዛል።

በመደበኛው በረራና በማረፊያ ተራ አሰጣጥ ግን፣ በእኔ እይታ፣ ተቆጣጣሪውን የሚተካ የለም፤ ትራንስፖንደር የሌለው ትንሽ አውሮፕላን ሲገጥም ደግሞ ቲካስ ጨርሶ አያየውም።