አመራርን በቀን ወይስ በማታ መማር?

በጎንደር የቢዝነስ ተማሪ የአመራርን ኮርስ በመደበኛው የቀን መርሐ ግብር ወይም ከሥራው ጎን ለጎን በማታ ሊማር ይችላል። የቀን ተማሪው ለንባብና ለክርክር ሰፊ ጊዜ ስላለው ንድፈ ሐሳቡን ጠልቆ የመረዳት ዕድሉ የተሻለ ነው። የማታው ተማሪ ግን፣ ለምሳሌ በአዘዞ የአንድ መጋዘን ኃላፊ ከሆነ፣ የሥነ ልቦና ተመራማሪው ኩርት ሌዊንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1939 ባሳተሙት ጥናት በልጆች ቡድኖች ላይ የፈተሿቸውን ፈላጭ ቆራጭ፣ አሳታፊና ልቅ (መሪው ጣልቃ የማይገባበት) የአመራር ስልቶች ሐሙስ ማታ ተምሮ፣ በማግሥቱ የጫኝና አውራጆችን ተራ ሲደለድል አስቀድሞ ቢያማክራቸው ኩርፊያው ይቀንስ እንደሆነ በዓይኑ ያያል። ድካሙ ግን ቀላል አይደለም፤ ቀኑን ሙሉ ቆሞ ለዋለ ሰው ማታ ጥቅጥቅ ያለ ጽሑፍ ማንበብ በእጅጉ ይከብዳል። እንደ እኔ እምነት፣ ሰው የማስተዳደር ኃላፊነት ላለበት የማታው ይመረጣል፤ ሥራ ላልጀመረ ወጣት የቀኑ ይሻለዋል።