የተጫረ ሲሊንደር፦ ሆኒንግ፣ ሪቦር፣ ላይነር ወይስ ያገለገለ ሞተር?

ሞተሩ ወርዷል። ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክዳን) ተነስቷል፣ ፒስተኖቹ ወጥተው ጠረጴዛ ላይ ተደርድረዋል። ሜካኒኩ እጁን ሲሊንደሩ ውስጥ ከትቶ «እዚህ ጋ ተጭሯል» ይላል። ከዚያ በኋላ ምክር በያይነቱ ይመጣል። አንዱ «ፋሻ ቀይሮ መዝጋት ነው» ይላል፤ ፋሻ የፒስተኑ ቀለበት ነው። ሌላው «ኦቨርሳይዝ አስገባ» ይላል፤ ከፋብሪካው ልክ የሰፋ ፒስተን ማለቱ ነው። ሦስተኛው «ምን አደከመህ፣ ሶማሌ ተራ ሂድና ያገለገለ ሙሉ ሞተር አምጣ» ይላል።

ሦስቱም ምክሮች ለአንዳንድ ሞተር ልክ ናቸው። ለእናንተ ሞተር የትኛው ልክ እንደሆነ የሚነግራችሁ ግን መለኪያ ብቻ ነው። ስለዚህ ከምንም ነገር በፊት አንድ ነገር አደራ እላለሁ፦ ሲሊንደሩ ሳይለካ ፋሻም ሆነ ፒስተን አትግዙ። ብዙ ሰው ስታንዳርድ (የፋብሪካው ልክ) ፋሻ በኪሱ ይዞ ነው ቶርኖ ቤት የሚደርሰው። እዚያ ሲለካ ሲሊንደሩ ሰፍቶ ይገኛል። መለዋወጫ መደብሩ ግድግዳ ላይ ደግሞ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» ተጽፏል።

መጀመሪያ በጥፍር ፈትሹ። ሲሊንደሩን በንጹህ ጨርቅ ጥረጉና ጥፍራችሁን ጭረቱን አቋርጣችሁ ጎትቱት። በዓይን እየታየ ጥፍር የማይይዝ ከሆነ ላይ ላዩን ነው፤ በሆኒንግ (ገጹን በድንጋይ በስሱ በማሸት) የመጥፋት ወይም የመለስለስ ዕድሉ ሰፊ ነው። ጥፍሩ ቀጥ ካለና ከያዘ ግን ቦይ ነው። ሆኒንግ ቦይ አያጠፋም፣ ጠርዙን ብቻ ያለሰልሰዋል። ቦታውም ወሳኝ ነው። ፋሻው የማይደርስበት የታችኛው ክፍል ላይ ያለ ጭረት ያን ያህል አያስጨንቅም። ፋሻው በሚመላለስበት ክፍል ከላይ ወደ ታች የወረደ ቦይ ግን ዘይት ወደ ላይ ያሳልፋል፣ ጋዝ ወደ ታች ያስወርዳል። አዲስ ፋሻ ብታስገቡም ያው ነው።

ጥፍር የማይነግራችሁ ነገር አለ፤ እሱም የሲሊንደሩ ስፋትና ቅርጽ ነው። ለዚህ ቦር ጌጅ የሚባለው የውስጥ ስፋት መለኪያ ያስፈልጋል። እያንዳንዱ ሲሊንደር ሦስት ከፍታ ላይ ይለካል፦ ከላይ ፋሻው ተመልሶ ከሚወርድበት ዝቅ ብሎ፣ መሃል ላይ፣ ታች ላይ። በየከፍታው ደግሞ ሁለት ጊዜ፣ አንዴ በኮሎው (በሞተሩ ዋና ዘንግ) ርዝመት አንዴ ተሻግሮ። ባለ አራት ሲሊንደር ሞተር ከሆነ 24 ቁጥር ይወጣል። «ለክቼዋለሁ፣ ደህና ነው» ከተባላችሁ እነዚያን 24 ቁጥሮች በወረቀት ጠይቁ። አብዛኛው ጊዜ ትልቁ ቁጥር ላይኛው ክፍል ላይ ነው የሚገኘው፣ ምክንያቱም ሙቀቱና ግፊቱ የሚበረታው፣ ዘይቱም የሚያንሰው እዚያ ነው።

ቦር ጌጅ በአቅራቢያችሁ ከሌለ አሮጌው ፋሻ እንኳ ይጠቅማል። ያልተሰበረ ፋሻ አስገቡና በፒስተኑ ግንባር ቀጥ አድርጋችሁ ግፉት። አፉን (በሁለቱ ጫፎቹ መሃል ያለውን ክፍተት) በፊለር ጌጅ፣ ማለትም በስስ የብረት ቅጠል መለኪያ፣ ለኩ፣ መጀመሪያ ላይኛው የመበላት ቦታ ላይ፣ ከዚያ ምንም ያልተበላው ታችኛው ክፍል ላይ። ሲሊንደሩ በ0.1 ሚሊሜትር በሰፋ ቁጥር የፋሻው አፍ በ0.31 ሚሊሜትር ይከፈታል። ስለዚህ የሁለቱን ልዩነት ለ3.14 ብታካፍሉት ሲሊንደሩ ከታች ወደ ላይ ምን ያህል እንደሰፋ ታገኛላችሁ። ይህ ትክክለኛውን መለኪያ አይተካም፣ ግን ሊያታልላችሁ የሚፈልገውን ሰው ዝም ያሰኛል።

የቶዮታ 2ኤል ናፍጣ ሞተርን እንውሰድ። ሲሊንደሩ 92 ሚሊሜትር ነው። በተለመደው ስሌት የፋሻው አፍ ወደ 0.37 ሚሊሜትር አካባቢ ይሆናል። ሲሊንደሩ በ0.2 ሚሊሜትር ከሰፋ ያው ፋሻ አፉን ወደ 1 ሚሊሜትር ይከፍታል። «ፋሻ ቀይሬ አሁንም ለምን ያጨሳል?» የሚለው ሰው መልሱ ብዙ ጊዜ እዚህ ውስጥ ነው።

አሁን ወደ ምርጫዎቹ።

ሆኒንግ ከነስታንዳርድ ፋሻ ከሁሉም ርካሹ ነው። ሁኔታው ሲፈቅድ ደግሞ ከሁሉም የተሻለው ነው ብዬ አምናለሁ፣ ምክንያቱም ከብሎኩ ላይ ብረት አትቀንሱም። የወደፊት ዕድላችሁ አይነካም። ሁኔታው ሲፈቅድ ማለት ጥፍር የማይይዝ ጭረት፣ በፋብሪካው መጽሐፍ ገደብ ውስጥ ያለ ስፋት፣ እና ደህና ፒስተን ማለት ነው። ሥራው ሲሊንደሩ ላይ ወደ 45 ዲግሪ አካባቢ የተጠላለፈ ቀጭን ጭረት ያወጣል። ዘይት የሚይዘው፣ አዲሱም ፋሻ የሚላመደው በእሱ ላይ ነው። ድሪል ላይ የሚገጠሙት ባለ ኳስና ባለ ሦስት ድንጋይ የሆኒንግ መሣሪያዎች መስታወት የመሰለውን ገጽ ይሰብራሉ እንጂ ሞላላ የሆነውን ክብ አያደርጉም፤ የሲሊንደሩን ቅርጽ ተከትለው ነው የሚሄዱት። ቅርጽ የሚያስተካክለው ማሽን ላይ ያለው ጠንካራ የሆኒንግ መሣሪያ ነው። በእጅ ብርጭቆ ወረቀት ማሸትን እርሱት።

ሆኒንግ የሚበላሸው ሲታጠብ ነው። በቤንዚን ወይም በናፍጣ ብቻ ሲታጠብ የድንጋዩ ዱቄት በብረቱ ቀዳዳዎች ውስጥ ይቀራል። አዲሱ ፋሻ እየተመላለሰ በዚያ ዱቄት ራሱንም ሲሊንደሩንም ይሞርዳል። ብሎኩ በሙቅ ውሃ፣ በኦሞና በብሩሽ ይታሸት። ከዚያ ነጭ ጨርቅ ዘይት ነክራችሁ ውስጡን ጥረጉ። ጨርቁ ግራጫ ሆኖ ከወጣ ገና ነው፣ ድገሙት። ነጭ ሆኖ ሲወጣ ወዲያው ዘይት ቀቡት፤ ራቁቱን የቀረ ብረት ወዲያው ይዝጋል።

ሪቦር ሁለተኛው ነው። ሲሊንደሩ ተቆርጦ ይሰፋል፣ ኦቨርሳይዝ ፒስተንና ፋሻ ይገባል። የተለመዱት መጠኖች 0.25፣ 0.50፣ 0.75 እና 1.00 ናቸው። እዚህ ላይ ገዢዎች የሚስቱት አንድ ነገር አለ። 0.25 የዲያሜትር ቁጥር ነው። ከግድግዳው በእያንዳንዱ ጎን የሚነሳው 0.125 ሚሊሜትር ብቻ ነው። ሲሊንደሩ ወደ አንድ ጎን ተበልቶ ከሆነ ወይም ቦዩ ከዚያ የጠለቀ ከሆነ 0.25 ገዝታችሁ ጭረቱ እዚያው ሊቀር ይችላል። ወደ 0.50 መሄድ የሚሻለው ለዚህ ነው። ቆራጩን «ጭረቱ በስንት ኦቨርሳይዝ ይጠፋል?» ብላችሁ ጠይቁት፤ እሱ የሚለካው የባሰውን ሲሊንደር ነው።

ቅደም ተከተሉም እንዳይገለበጥ። ፒስተኑ ይገኝ እንደሆነ አረጋግጡ፣ ግዙ፣ ለቆራጩ ስጡት። እሱ እያንዳንዱን ፒስተን ለክቶ ክፍተቱን ያወጣል፣ ለሆኒንግም ትንሽ ብረት ያስተርፋል። ፒስተኑ ሳይታይ የተቆረጠ ብሎክ በኋላ የሚስማማው ፒስተን ላይገኝለት ይችላል። አንድ ሲሊንደር ብቻ ቢጎዳም ሁሉም በአንድ መጠን ይቆረጡ፤ የፒስተኖቹ ክብደት እንዲመጣጠን።

ስታንዳርድ ፒስተን ላይ የኦቨርሳይዝ ፋሻ አፉን ሞርዶ ማስገባትም በየጋራዡ ይታያል። እኔ አልመክረውም። ፋሻ ክብ የሚሆነው በተሠራበት መጠን ሲገባ ነው። በግድ የታጠፈ ፋሻ ግድግዳውን ዙሪያውን እኩል አይነካም። ለጥቂት ጊዜ ጭሱ ይቀንስ ይሆናል፣ ከዚያ መልሶ ያው ነው።

ሪቦር የማይሆንላቸው ሞተሮችም አሉ። እንደ ቪትዝና ያሪስ ባሉ ትንንሽ መኪኖች ላይ የምናገኘው 1ኤንዜድ ብሎኩ አሉሚኒየም ነው፣ ውስጡ ስስ የብረት ላይነር (የሲሊንደሩ ግድግዳ የሆነ ቱቦ) አለው። እንደ ድሮዎቹ ሙሉ ብረት ብሎኮች እየደጋገሙ ለመቁረጥ አልተሠራም። «እኔ እቆርጠዋለሁ» የሚል ስለተገኘ ብቻ አይቆረጥም።

ላይነር ሦስተኛው ነው። ሁለት ዓይነት ነው፣ ደረቅና እርጥብ። ብዙዎቹ የኢሱዙ የጭነት ሞተሮች ደረቅ ላይነር አላቸው፤ ላይነሩ ውሃ አይነካም፣ ብሎኩ ውስጥ ተገፍቶ ይገባል። እርጥቡን የራዲያተሩ ውሃ በቀጥታ ይከበዋል፣ ከታች በጎማ ቀለበት ይታሸጋል። በብዙ ከባድ መኪናዎችና የግንባታ ማሽኖች ላይ ያለው እሱ ነው። የእናንተ ሞተር ከፋብሪካው ላይነር ካለው ለቦይ ብላችሁ ብዙ አታስቡ። ላይነር፣ ፒስተንና ፋሻ አንድ ላይ በኪት ይሸጣል፣ ተነቅሎ ይተካል፣ መጠኑ ወደ ስታንዳርድ ይመለሳል። እርጥብ ላይነር ሲገባ ከብሎኩ ገጽ በላይ የሚወጣው ከፍታ መለካት አለበት፤ ካነሰ ጓርኒሲዮኑ (የቴስታታው ማሸጊያ) ቶሎ ይቃጠላል። ውጫዊው ጎኑ ላይ የትንንሽ ጉድጓድ ምልክት ካያችሁ ደግሞ ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው ኩላንት ሳይገባ ተራ ውሃ ሲሞላበት የኖረው ራዲያተር ነው።

ላይነር በሌለው የብረት ብሎክ ላይም አንድ የተጎዳ ሲሊንደር ብቻ ተቆርጦ ስሊቭ (እንደ ላይነር ያለ ቱቦ) ሊገባበት ይችላል። ሦስቱ ጤነኛ፣ አንዱ ብቻ በተሰበረ ፋሻ የተቦደቦደ ሲሆን ይህ ከሪቦር ይሻላል። አራት አዲስ ፒስተን ከመግዛት ታድጎ በአንድ ያስጨርሳችኋል። ግን ጥሩ እጅ ይጠይቃል። ስሊቩ ላላ ብሎ ከገባ ሙቀት አያስተላልፍም፣ በጣም ጠብቆ ከገባም ብሎኩን ይሰነጥቃል።

ያገለገለ ሞተር ፈጣኑ ነው፤ መኪናው ሥራ ላይ ያለ ሰው የሚሳበውም በፍጥነቱ ነው። ለጥቃቅን ጭረት ግን አልመክርም። የምታውቁትን ጉዳት ሰጥታችሁ የማታውቁትን ትገዛላችሁ። ብሎኩ ከተሰነጠቀ ወይም ኮሎውም ቤላውም (ፒስተኑን ከኮሎው የሚያያይዘው ዘንግ) አብረው ከተበላሹ ያኔ ትርጉም ይኖረዋል። ያኔም ኮምፕሬሽኑ በፊታችሁ ይለካ። ሊብሬው ላይ የተጻፈው የሞተር ቁጥር ስለሚለወጥ የግዢ ወረቀቱን በሥርዓቱ ተቀበሉ፤ ያለዚያ ቦሎ ስታወጡና መኪናውን ስትሸጡ ጣጣ ነው።

ጭረት መስሎ ጭረት ያልሆነም አለ። ፒስተኑ በሙቀት ሲይዝ አሉሚኒየሙ ሲሊንደሩ ላይ ተለጥፎ ይቀራል። ጥፍር ሲያልፍበት ወደ ውስጥ አይገባም፣ ወደ ላይ ይወጣል። በሙሉ ብረት ሲሊንደር ላይ ይህን ኮስቲክ ሶዳ ያሟሟዋል፤ ብረቱን ሳይነካ። ጓንትና መነጽር ግዴታ ነው። አሉሚኒየም ብሎክ አጠገብ ግን እንዳይደርስ፣ ብሎኩንም ይበላዋል። እንዲህ ተጠርጎ ስታንዳርድ ሆኖ የሚገኝ ሲሊንደር ብዙ ነው፣ በተለይ ሞተር ብስክሌት ላይ።

እኔ ብሆን ልኩ ገደብ ውስጥ ላለ የቤት መኪና ሆኒንግ እመርጣለሁ፣ አንድ ሁለት ቀጭን የማይጠፋ መስመር ቢቀርም። ቀኑን ሙሉ ለሚሠራ ታክሲ ወይም ለሚጭን ፒክአፕ ልኩ ገደቡ ጫፍ ላይ ከደረሰ ሆኒንግ አላደርግም፣ ሪቦር። ያኛው ሞተር ዳግም ሲወርድ የሚቆምበት ቀን ከፒስተኑ ዋጋ ይበልጣል።

ከየትኛውም በፊት ደግሞ ምን እንደጫረው እወቁ። በአገራችን መንገድ ዋናው ተጠርጣሪ አቧራ ነው። ከአየር ፊልትሮው በኋላ ወደ ሞተሩ የሚሄደውን ቱቦ ፈቱና ውስጡን በነጭ ጨርቅ ጥረጉ። አቧራ ከያዘ ፊልትሮው ቤት ወይም የቱቦው ማሰሪያ ያሳልፋል። እሱ ሳይዘጋ ሞተሩ አይገጠም።