የድሮው የፋርጎ ካርታ፦ በነፃ አውርዱት፣ ስታሳትሙት ግን ተጠንቀቁ

ፋርጎ ኖርዝ ዳኮታ ያላችሁ ልጆች ይሄን ነገር እንዳያመልጣችሁ። ዩኤስጂኤስ (ካርታ የሚሰራው የአሜሪካ መንግስት የጂኦሎጂ መስሪያ ቤት) ቶፖቪው የሚባል ዌብሳይት አለው፣ ከ1880ዎቹ ጀምሮ ያሳተማቸውን የአሜሪካ ካርታዎች ስካን አድርጎ በነፃ አስቀምጧቸዋል፣ ካርድ አስገቡ ምናምን የለም፣ ቦታውን ፈልጎ ዓመቱን መርጦ ማውረድ ነው።

እኔ ያወረድኩት 1:125,000 የሆነውን የፋርጎን ካርታ ነው፣ አንድ ሳንቲሜትሩ 1.25 ኪሎሜትር ማለት ነው። ውሃው ሰማያዊ፣ የከፍታ መስመሩ ቡኒ፣ ሰው የሰራው ጥቁር። ሀዲዱን ዙም አድርጋችሁ እዩት፣ በትናንሽ ሰረዞች የተቆራረጠ ጥቁር መስመር ነው፣ ሬድ ሪቨር የሚባለውን ወንዝ ተሻግሮ ወደ ምዕራብ ይነጉዳል። ድሬዳዋን ባቡር እንደወለዳት ፋርጎንም የወለዳት ኖርዘርን ፓሲፊክ የሚባለው የባቡር ኩባንያ ነው፣ 1871 ላይ የተቆረቆረችው ሀዲዱ ወንዙን ሊሻገር በታሰበበት ቦታ ነው፣ ስሟም ከኩባንያው ዳይሬክተሮች አንዱ ከነበረው ከዊልያም ፋርጎ የመጣ ነው። ዙሪያው ያለው መሬት በየ1 ማይሉ በካሬ ተሸንሽኗል፣ መንግስት ካሬዎቹን አንድ እየዘለለ ለባቡር ኩባንያው ሰጥቶት ነበር፣ ያ ሁሉ ሰፋፊ የስንዴ እርሻ የመጣው ከዛ ነው።

በጣም የገረመኝ ግን ቡኒው መስመር ነው፣ የለም ማለት ይቻላል! የጥንቱ የአጋሲዝ ሀይቅ ወለል ስለሆነ ዝርግ ነው፣ ወንዙ በዛ ሜዳ እየተጠማዘዘ ወደ ሰሜን ወደ ካናዳ ነው የሚፈሰው፣ በረዶ መቅለጫው ሲመጣ ደቡቡ ቀድሞ ይቀልጣል ሰሜኑ ገና እንደተጋገረ ነው፣ ውሃው መሄጃ ሲያጣ ሜዳው ላይ ይተኛል። 2009 ላይ 40.84 ጫማ የደረሰውን ጎርፍ በቲቪ ብቻ ላያችሁት ምክንያቱ እዚህ ወረቀት ላይ ቁጭ ብሏል። ቤት ልትገዙ ያሰባችሁ ከዛሬው የጎርፍ ካርታ ጋር አስተያዩት፣ የምር ነው የምላችሁ።

ዓመቱን ስታነቡ ደግሞ መሬቱ የተለካበትና ካርታው የታተመበት ስለሚለያይ ጠርዙ ላይ ያለውን ፅሁፍ በደንብ እዩ።

ለግድግዳ ያሳተምኩበት ሱቅ ግን አናዶኛል፣ በራሱ ሳይዝ አትሙልኝ ብዬ ደጋግሜ ነግሬያቸው ወረቀቱን እንዲሞላ ብለው አሳደጉት፣ 1:125,000 የሚለው ከንቱ ሆነ፣ አሁን የሚታመነው አብሮ ያደገው ታች ያለው የማይል መለኪያ ብቻ ነው። ስታሳትሙ «መቶ ፐርሰንት» በሏቸውና ከመክፈላችሁ በፊት በማስመሪያ ለኩት። ስታወርዱ የፋይል ዓይነት ያስመርጣችኋል፣ ለማየት ብቻ ከሆነ ጄፔጉ (ተራው የፎቶ ፋይል) ይበቃል፣ ጉግል ኧርዝ ላይ ከአሁኑ ከተማ ጋር ደርቦ ማየት ለሚፈልግ ኬኤምዚው (ጉግል ኧርዝ የሚከፍተው ፋይል) ይሻለዋል።