አና ወይስ ዶርሴት ጎልደን? ሞቅ ያለ ቦታ ለሚኖር የአፕል ችግኝ ገዢ

ችግኝ ሻጭ ዘንድ ሄዳችሁ «ጣፋጩ የቱ ነው?» ብላችሁ አትጀምሩ። መጀመሪያ የሚጠየቀው የብርዱ ነገር ነው። አፕል ከ7 ዲግሪ በታች የሆነ ቅዝቃዜ በቂ ሰዓት ካላገኘ እምቡጡ አይነቃም። ቅርንጫፉ ዝም ብሎ ይረዝማል፣ ቅጠል ጫፉ ላይ ብቻ ይታያል፣ አበባ ግን የለም። ሬድ ዴሊሺየስን የመሳሰሉት የሱቅ አፕሎች 800 ሰዓት ገደማ ይፈልጋሉ። የጨንቻ አፕል ስም ያወጣው ቦታው ደጋ ስለሆነ ነው። ሐዋሳ ወይም አዳማ ግቢ ውስጥ ያንን መጠበቅ አይቻልም።

ለሞቃት ቦታ ስማቸው የሚነሳው አና እና ዶርሴት ጎልደን ናቸው። አና እስራኤል ውስጥ ተዳቅሎ የወጣ ነው፤ ከ200 እስከ 300 ሰዓት ይበቃዋል። ዶርሴት የተገኘው ባሃማስ፣ ናሳው ነው። የባሕር ዳርቻ ሙቀት የለመደ ስለሆነ 100 ሰዓት ገደማ ቢያገኝም ያብባል።

በመልክ አና ይበልጣል። ትልቅና ሞላላ ነው፣ ቢጫው ላይ ቀይ ጣል ያደርግበታል። ገና እንደተቀጠፈ ሲገመጥ ቀጭ ይላል፣ ጣፋጩ ውስጥ ትንሽ ኮምጠጥ ያለ ነገር አለው። ዶርሴት አነስ ያለ፣ ቢጫ፣ ጣፋጭ ነው። ሁለቱም ግን መቀመጥ አይወዱም። በተለይ አና ፍሪጅ ካልገባ ቶሎ ይለሰልስና ዱቄት ዱቄት ይላል።

ቦታችሁ ለአንድ ዛፍ ብቻ ከሆነ እኔ ዶርሴትን ነው የምለው፤ ብቻውንም ጥሩ ያፈራል። አና ብቻውን ሲሆን ፍሬው ይሳሳል። ለሁለት የሚበቃ ቦታ ካለ ግን ሁለቱንም ግዙ። አንድ ሰሞን ስለሚያብቡ ንቦቹ የቀረውን ይጨርሱታል።

አሁን ግንዱን እዩ። ከአፈሩ አንድ ስንዝር ያህል ከፍ ብሎ ጎበጥ ያለ መጋጠሚያ ካለ ችግኙ በሌላ አፕል ሥር ላይ የተጣበቀ (ግራፍት የተደረገ) ነው፤ በ2 ወይም በ3 ዓመት ፍሬ ያሳያል። ግንዱ ከላይ እስከ ታች ልሙጥ ከሆነ ከዘር የበቀለ ሊሆን ይችላል። ይረክሳል፣ ግን ብዙ ዓመት ያስጠብቃል፤ ፍሬውም እንደ እናቱ አይወጣም። ስትተክሉ መጋጠሚያውን አፈር አታልብሱት።

ሻጩ ካወቀ ስረ-ግንዱንም፣ ማለትም ከመጋጠሚያው በታች ያለው ሥር የትኛው ዓይነት እንደሆነ ጠይቁ። ኤም 9 ዛፉን አጭር ያደርገዋል፣ ለጠባብ ግቢ ጥሩ ነው፤ ሥሩ ደካማ ስለሆነ ግን ዕድሜ ልኩን ድጋፍ ይፈልጋል። ኤም ኤም 106 ውሃ የሚያቁር መረሬ አፈር ላይ ይበሰብሳል። ኤም ኤም 111 ድርቅ ይችላል፣ ዛፉም ተለቅ ይላል።

ብርዱ ጨርሶ ለማይበቃው ቦታ አንድ ዘዴ አለ። ኢንዶኔዥያ፣ ባቱ ላይ ያሉ ገበሬዎች ምርቱን ከለቀሙ በኋላ የዛፉን ቅጠል በእጃቸው ያራግፉታል፤ ዛፉም እንደገና ያብባል። ቅጠል መልቀሙ የሚሰለቻችሁ ከሆነ ግን አቮካዶ ብትተክሉ ይሻላል።