ሳሬን አስነቅዬ ክሪፒንግ ታይም ካስተከልኩ 2 አመት፦ ተክሉ ጎበዝ፣ ሰራተኞቹ ግን...

ኦሮራ ኮሎራዶ ነው የምኖረው። ቤቱን ስንገዛ ፊት ለፊቱ በሙሉ የኬንታኪ ሳር ነበር፣ በሳምንት ሶስቴ ስፕሪንክለር እየከፈትኩ እንኳን ጁላይ ሲመጣ ቢጫ ይሆናል፣ የውሃ ቢሉን ሳይ ደግሞ ቢጫ የምሆነው እኔ ነኝ። እዚህ አመቱን ሙሉ የሚጥለው ከነበረዶው ተደምሮ 15 ኢንች ቢሞላ ነው፣ አዲስ አበባ እኮ ሀምሌና ነሀሴ ብቻ ከዚህ በላይ ይዘንባል። እዚህ ሳር ማሳደግ ማለት በቃ ከሰማይ ጋር መጣላት ነው።

በሳሩ ፈንታ ክሪፒንግ ታይም የሚባለውን፣ መሬት ለመሬት እየተስፋፋ ምንጣፍ የሚመስል አጭር ተክል ልተክል አሰብኩ። መጀመሪያ የተሸወድኩት በዘሩ ነው። ኦንላይን ሰማያዊ ምንጣፍ የመሰለ ፎቶ አይቼ ዘር አዘዝኩ፣ ክሪፒንግ ታይም ሰማያዊ አበባ እንደሌለው፣ ሮዝ ወይ ወይን ጠጅ ወይ ነጭ እንደሆነ ያወቅኩት ገንዘቡ ከሄደ በኋላ ነው፣ የበቀለልኝ ነገር ምን እንደሆነ እስከዛሬ አላውቅም። ትክክለኛው ዘርም ቢሆን ጤፍ ነው የሚያክለው፣ ቀስ ብሎ ነው የሚያድገው፣ አረም ይቀድመዋል። ችግኝ ግዙ።

ከዛ ላንድስኬፒንግ የሚሰሩ ሰዎች ቀጠርኩ፣ ስማቸው ይቅር። እውነቱን ለመናገር ሰአት ያከብራሉ፣ ሳሩን በ1 ቀን ገፈው ጭነው ሄዱ። በእግረኛ መንገዱና በአስፋልቱ መሀል ያለችው 80 ስኩዌር ፊት ቦታ ላይ 72 ችግኝ ተከሉልኝ፣ ግን እንዴት መሰላችሁ፣ ጥቁሩን የአረም መከላከያ ጨርቅ አንጥፈው በመቀስ እየቀደዱ ችግኙን ከተቱበት፣ ከላዩ ደግሞ የእንጨት ፍቅፋቂ በተኑበት። ይሄ ተክል የሚስፋፋው እኮ ቅርንጫፉ መሬት ሲነካ ስር እየሰደደ ነው፣ ጨርቅ ላይ ምን ስር ይሰድዳል? የኔ ግቢ አፈር ደግሞ ዋልካ ነገር ነው፣ በረዶው ሲቀልጥ ውሃው እንጨቱ ስር ተኛ። ማርች ላይ አንዱን ሳብ ሳደርገው ያለምንም ትግል ወጣ፣ ስሩ ጠቁሮ በስብሷል፣ 30 ምናምኑ እንደዛው። ስደውልላቸው "ውሃ አላጠጣኸውም" አሉኝ። በውሃ የሞተውን!

ጨርቁን ራሴ ነቅዬ አወጣሁት፣ ሁለት ቅዳሜ ፈጀብኝ፣ ወገቤም አልቀረለትም። ደቃቅ ጠጠር ከአፈሩ ጋር ደባልቄ እንደ መደብ ከፍ አደረግኩት፣ ኮምፖስትም ፍግም አላደረግኩበትም፣ ይሄ ተክል ካጠገቡት ይበላሻል። የሞቱትን ተካሁና 1 ጫማ እያራራቅኩ ተከልኩ፣ ከላይ በእንጨቱ ፈንታ ጠጠር። አንድ ነገር ልብ በሉ፣ ድርቅ ይችላል ማለት ከተተከለበት ቀን ጀምሮ ይችላል ማለት አይደለም፣ የመጀመሪያውን በጋ በየ2 እና 3 ቀኑ አጠጥቻለሁ። አሁን ግን በ10 ቀን አንዴ ቢያገኝ አይከፋውም፣ መሀሉ ገጥሟል፣ ከቁርጭምጭሚት በታች ነው ቁመቱ፣ ማጨድ የሚባል ነገር ረስቻለሁ። ቀሪው ግቢ ላይ ላቬንደር፣ ሩሲያን ሴጅ፣ ሴደምና ብሉ ግራማ የሚባለው የዚሁ አገር ሳር አለ፣ እነሱ እንኳን ምንም አላስቸገሩኝም።

ችግሩስ? ሳይገጥም በፊት አረሙን በእጅ መልቀም አለባችሁ፣ ስራው በጣም ያሰለቻል። ጁን ላይ ሲያብብ ንብ ይወረዋል፣ ትንሹ ልጄ በባዶ እግሩ ገብቶ ተነድፏል። ኳስ ሜዳም አይሆንም፣ አልፎ አልፎ መረገጥን ይችላል እንጂ።

ባለፈው በጋ እናቴ ከአገር ቤት መጣች፣ የመንዝ ሰው ነች። ሻንጣዋ ገና ከመኪና ሳይወርድ ጎንበስ ብላ ቆንጠር አደረገችና በመዳፏ አሽታ አሸተተችው። "አንተ፣ ይሄ ጦስኝ አይደለም እንዴ? በዶላር ገዛኸው? እኛ ጋ በግ አይደል እንዴ የሚረግጠው!" አልተሳሳተችም፣ ዘመዳሞች ናቸው፣ የኛው የደጋ ጦስኝ የራሱ ዝርያ ይሁን እንጂ። ማታ ሻይ ውስጥ ከተተችውና ፉት ብላ "ሽታ አለው፣ ጉልበት የለውም" አለች። እናንተ ግን ገና እንደገዛችሁት አትጠጡት፣ ለጌጥ የሚሸጥ ችግኝ መድሃኒት ተረጭቶበት ሊሆን ይችላል።

ኤችኦኤ (ግቢያችሁ ምን መምሰል እንዳለበት ደንብ የሚያወጣ የሰፈር የቤት ባለቤቶች ማህበር) ያላችሁ አትፍሩ፣ ኮሎራዶ ውስጥ ውሃ ቆጣቢ ግቢ እንዳይከለክሉ ህግ አለ። ሳር ለሚያስነቅል ገንዘብ የሚያግዙ ከተሞችም አሉ፣ ብቻ አንዲት ሳር ሳትነቅሉ በፊት ጠይቁ።

ለተክሉ ከ5 4። ለሰራተኞቹ 2፣ እሱም ሰአት ስለሚያከብሩ። ዘንድሮ የጓሮውንም ላስነቅል ነው፣ ጎበዝ ሰራተኛ የምታውቁ ጠቁሙኝ፣ ጨርቅ የማያነጥፍ።